የክት መነጽር

እኔ ስናደድ ድምፄ ከመዶሻ ይበልጣል ይላሉ። ሐሜት መስሎኝ ስንት ዓመት ተከራክሬያለሁ፤ በኋላ ግን መንደሩ በሙሉ ሲመሰክርብኝ ጊዜ ተውኩት። መካነ ሰላም ውስጥ ለከተማው መንገድ የሚነጠፍ ኮብልስቶን የምንጠርብ ማኅበርተኞች ነን፤ ሴትም ወንድም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። አንድ ጊዜ የሦስት ቀን የሥራ ላይ ደህንነት ስልጠና ተሰጠንና በመጨረሻው ቀን አሰልጣኙ «በሉ ከመካከላችሁ የደህንነት ተጠሪ ምረጡ» ሲል፣ ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ምክንያቱን ቢጠይቃቸው «አፍ አላት» አሉት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሰውየው ሳቁን እየዋጠ ከቦርሳው ቀይ ፊሽካ አወጣና አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ፊሽካ! ለእኔ! ከአዳራሹ እስከ ቤቴ እየነፋሁ ሄድኩ። ባሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያየኝ «ይሄ ሁሉ ሕዝብ አንድ እንኳን የሚመክረው ሰው አጣ?» አለ።

ስለ ስልጠናው ልንገራችሁ። አሰልጣኙ ከደሴ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ኮምፒዩተሩን፣ ገመዱን፣ ነገር ዓለሙን ይዞ ነው የመጣው። ገና የመጀመሪያውን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲያበራው መብራት ጠፋ። በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ሰውየው ምን ያድርግ? ሁሉንም በገዛ ሰውነቱ አሳየን። ጠራቢውም እሱ፣ ድንጋዩም እሱ፣ ፍንጣሪውም እሱ ሆነ። ፍንጣሪ ሆኖ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዘለለ፣ ወዲያው ደግሞ ጠራቢ ሆኖ ዓይኑን ይዞ «ዋይ!» ብሎ ሲወድቅ፣ እኛ በሳቅ ሞትን። አንዷማ ሻይዋን አፍንጫዋ ውስጥ አስገብታ ስታስል ዋለች። ግን ወላሂ ገባን፤ መብራት ኖሮ ሥዕሉን ብናይ ኖሮ ግማሻችን እንተኛ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል እኔ የማየው አንድ ሰው ነበር። ጋሼ እንላቸዋለን። ሥራውን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ድንጋዩን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉትና፣ መሮውን አስጠግተው አንዴ ኳ! ሲያደርጉት እንደ ዳቦ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ሥራ ፍለጋ ስመጣ «ሴት ምን ትሠራለች?» ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የመጀመሪያ ድንጋዮቼን ሁሉ ጠማማ አድርጌ ላለቅስ ስደርስ «አብሽሪ፣ ድንጋዩም እስኪለምድሽ ነው» ብለውኛል። ታዲያ ጋሼ የሚያዩት በአንድ ዓይን ነው። ግራውን በጎልማሳነታቸው የድንጋይ ፍንጣሪ ወሰደባቸው፤ የቀራቸው ቀኙ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ጋሼ ጨለማ ውስጥ ቀሩ ማለት ነው። ፊሽካዬን የተቀበልኩት ለዚያ ለአንድ ዓይን ብዬ ነው ብላችሁ አልዋሸሁም።

እሳቸው ግን ጭራሽ ሐሳብ የለባቸውም። ስልጠናው ላይ አሰልጣኙ ስለ ዓይን ሲያወራ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ፤ እሳቸው ደግሞ ጋቢያቸውን አስተካክለው «የኔ ነገር አልቋል። ድንጋይ ድርሻውን ወስዷል፤ እንደ ሰው ስግብግብ አይደለም፣ ተመልሶ አይመጣም» አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ሥዕል ኮምፒዩተሩ ውስጥም ያለው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ዕቃው ታደለ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ከረጢት፤ ውስጡ ቢጫ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ሴፍቲ ጫማ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። አዳራሹ የዓመት በዓል ዋዜማ መሰለ። ሄልሜቱን ሻሿ ላይ የደፋች አለች፣ ጓንቱን አድርጎ የሚያጨበጭብ አለ። ጋሼ መነጽሩን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት፤ እፍ አሉበት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት። «እንዲህ ያለ ዕቃ እጄ ገብቶ አያውቅም» አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በቃ፣ ጋሼ ዳኑ አልኩ በልቤ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ የምንጠርብበት ሜዳ ላይ ተገኘሁ። ሰዉ አንድ በአንድ መጣ። ሸበጥ፣ የተቀዳደደ ሹራብ፣ ባዶ እጅ፣ ባዶ ራስ፣ ባዶ ዓይን። «ዕቃችሁስ?» ስል ሁሉም እንደ ሞኝ አየኝ። «እንዴ! አዲስ እኮ ነው!» አለች አንዷ። «እሱን ለድንጋይ ነው የምናደርገው?» አለ ሌላው፣ ተቆጥቶ። ክት ሆኗል! እኛ ዘንድ አዲስ ነገር እጅ ከገባ መጀመሪያ ሳጥን ይገባል፤ ከሳጥን የሚወጣው ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ፣ ሲበዛ ለገበያ ነው፤ ሲያረጅና ሲቀደድ ብቻ የዘወትር ይሆናል። ይህን ስለ ልብስ አውቀው ነበር። ለድንጋይ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከድንጋይ ተደብቆ ይቀመጣል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

የገበያ ቀን ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ገበያው መሀል አንዱ ባልደረባችን ቢጫ ሄልሜቱን ደፍቶ፣ ሁለቱንም ጓንት አጥልቆ የበግ ላት ይዳስሳል። ሻጩ ሊመረምር የመጣ የመንግሥት ሰው መስሎት እየተርበተበተ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ በጉ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደበላ፣ እናቱ የማን እንደሆነች። ከዚያ ጓደኛዬ ቤት ጎራ ብል፣ የሷ ሄልሜት ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ተገልብጦ የፕላስቲክ አበባ ተሞልቶበታል። «አያምርም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያምራል! ልቆጣ አፌን ከፍቼ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም ሳቀች፤ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ ቁጭ አልን።

ጋሼ ግን ሁላችንንም አስከነዱን። የኢድ አልፈጥር ዕለት ከሶላት ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ መነጽር። ደረታቸውን ነፍተው፣ እግራቸውን ግን እየዳበሱ ነው የሚያነሱት። «ኢድ ሙባረክ ጋሼ!» ስላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና «አሚን ልጄ፣ አብሮ ያድርሰን» አሉ፤ አጠገቤ ለቆመው የመብራት እንጨት። ጠጋ ብዬ ሳይ መነጽሩ ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ እንዳለ ነው። ሰውየው ጭጋግ ውስጥ ነው የሚሄዱት! «ጋሼ፣ ላስቲኩ እኮ ይላጣል» አልኳቸው። «ዝም በይ! እሱ ነው ጭረት የሚከላከለው» አሉኝ። ከጎናቸው የነበሩት ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘው ከቦይ አተረፏቸው።

ከበዓሉ ማግስት ትዕግሥቴ አለቀ። ጋሼ ያችን አንድ ዓይናቸውን መሮው ላይ ደፍተው ሲመቱ ፊሽካዬን ነፋሁ። መዶሻው ሁሉ ቆመ።

«ጋሼ፣ መነጽሩ የታል?»

«ሳጥን ውስጥ።»

«ለምን?»

«ይቧጨራላ!»

«ዓይንዎስ አይቧጨርም?» አልኩ፤ ድምፄን እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ ከታች ገበያ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። ጋሼ አልደነገጡም። መዶሻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ወደ እግሬ ተመለከቱ። «አንቺስ ልጄ፣ ሴፍቲ ጫማሽ የታል?»

እግሬን አየሁት። ሸበጥ! ክው አልኩ። ጫማዬ ያለው አልጋ ሥር ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ቀለም ተቀብቶ። ያደረግኩት አንዴ ብቻ፣ ወግዲ ወረዳ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። አፍንጫው ብረት መሆኑን ረስቼ ጭፈራው ውስጥ ዘልዬ ስገባ የሙሽራውን አጎት ጣት ረግጬ፣ ሰውየው ምሳውን የበላው እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም «እንዴት ያለ ጫማ ነው!» ብሎ አድንቆልኛል፤ ተጎጂው ሳይቀር። እና እኔ፣ የደህንነት ተጠሪዋ፣ ባለ ፊሽካዋ፣ ጣቶቼን ለድንጋይ አስጥቼ ሰው እቆጣለሁ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ፊሽካዬን ከአንገቴ ላይ አንስቶ እኔው ላይ ነፋብኝ።

በማግስቱ ጫማዬን አድርጌ መጣሁ። መጀመሪያ ልቤ እሺ አላለኝም፤ እየመረጥኩ ነበር የምረግጠው። በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ጭቃ ውስጥ ቀጭ አደረግኩት። ያንን ሲያዩ ሌሎቹም አንድ በአንድ ማምጣት ጀመሩ። ጓደኛዬ አበባውን ቆርቆሮ ውስጥ አዛውራ ሄልሜቷን ደፍታ መጣች። በሁለት ሳምንት ውስጥ የደሴው ሰው ቢመጣ በደስታ የሚያለቅስበት ሜዳ ሆነ። ከጋሼ በቀር። እሳቸው ምክንያት አያልቅባቸውም። ዛሬ አቧራ ነው። ዛሬ ሊዘንብ ነው። ዛሬ ድንጋዩ ለስላሳ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለአረፋ ልጄ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እሱ አንዴ ሳይጫር ይየውና ከዚያ በኋላ እንዳልሽ» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ስለበራ ልቆጣቸው አልቻልኩም። ያችን ዓይን ግን ቀኑን ሙሉ እጠብቃት ነበር፤ ፍንጣሪ በበረረ ቁጥር የምጨፍነው እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ከጎናቸው ስጠርብ «ህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ በጣቶቻቸው መሀል ደም ይወርዳል። በቀኝ በኩል ነው! ያ የሚታማው ድምፄ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፊሽካውንም ለመንፋት ትንፋሽ አጣሁ። እጃቸውን ስናነሳው የተሰነጠቀው ቅንድባቸው ነው። ዓይናቸው ከሥሩ፣ ጣት በማትሞላ ርቀት፣ ቁልጭ ቁልጭ እያለ ያየናል። «አልሐምዱሊላህ፣ ቅንድብ ነው፤ ሥራችሁን ሥሩ» አሉ። ሰዉ እፎይ ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ፤ ማልቀሴን ስጨርስ ደሜ ፈላ።

ጤና ጣቢያ ቅንድባቸው ተሰፍቶ ቤት ሲገቡ ከኋላቸው ተከትዬ ገባሁ። «እትዬ፣ የሳጥኑን ቁልፍ» አልኳቸው ባለቤታቸውን። እሳቸውም ለካ አንጀታቸው አርሮ ኖሯል፤ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት። መነጽሩ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ከጀለቢያው በላይ ተኝቷል። ላስቲኩን በጥፍሬ ይዤ ሞሸለቅሁት። «ተይ!» አሉ ጋሼ ከመደቡ እየተነሱ። ማን ሰምቷቸው! ከደጃፉ ጠጠር አነሳሁና የመነጽሩን ጠርዝ፣ ለማየት የማያስቸግረውን ቦታ፣ በሁለቱም በኩል ቿ ቿ አድርጌ ቧጨርኩት።

«ይኸው! ከእንግዲህ ክት አይደለም! የዘወትር ነው! አረፋም ኢድም አያውቀውም!»

ያደረግኩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ቤት ገብቼ፣ ዓይናቸው እያየ፣ ለልጃቸው ሊያሳዩት ያስቀመጡትን ዕቃ አበላሸሁ። ጋሼ መነጽሩን ከእጄ ተቀበሉ። ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ድንጋይ እንደሚዳብሱት። «ገደልሽው» አሉ በቀስታ። ዞር ብለውም አላዩኝ። ሹልክ ብዬ ወጣሁ፤ እስከ ቤቴ ድረስ አንድ ጊዜ እየተጸጸትኩ፣ አንድ ጊዜ «ደግ አደረግኩ!» እያልኩ ለብቻዬ ሳወራ ሄድኩ።

ሦስት ቀን ዐርፈው መጡ። መነጽሩን አድርገዋል! ልዘል ምንም አልቀረኝም። «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አልኳቸው። በአጠገቤ አልፈው ተቀመጡና መጥረብ ጀመሩ። መነጽሩን ያደረጉት ተሸንፈው አልነበረም፤ የተጫረ ዕቃ ሳጥን ማስገባት ነውር ስለሆነባቸው ነው። እኔን ደግሞ ከናካቴው ከሕያዋን መዝገብ ፋቁኝ። ከእኔ የሚፈልጉት ነገር ካለ በሰው ነው የሚልኩት፤ እኔ ክንዳቸው ሥር ተቀምጬ «ለዚያች ሴትዮ ውኃውን ታቀብል በሏት» ይላሉ። እኔም በሰው «አቀበለች በሏቸው» እላለሁ። ባልደረቦቻችን ከዚህ የበለጠ ደስታ አይተው አያውቁም፤ መልእክቱን ሲያደርሱ ከራሳቸው እየጨመሩ «ደግሞ አምሮብዎታል ብላለች» ይሏቸዋል። ጋሼ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። እኔ ላይ ላዩን እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል። መሮ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው ሳይመርቁኝ ስንት ጠዋት አለፈ።

ሳምንት እንዳለፈን ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ በአይሱዙ አዲስ ድንጋይ መጣ፤ ጥቁር፣ ክፉ፣ እልኸኛ። ጋሼ ዳበሱት። «ይሄ ተንኮለኛ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። መሮውን አስጠግተው መቱት። አልተከፈለም። ደገሙት። በሦስተኛው «ጧ!» አለ፤ የድንጋይ ድምፅ አይደለም። የጋሼ ራስ ወደ ኋላ ሄደ፤ መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ብቻ ፊታቸው ተንበርክኬያለሁ። የመነጽሩ ቀኝ መስታወት መሀሉ ተቦድሶ፣ ስንጥቁ ዙሪያውን ተረጭቷል። ልክ ዓይናቸው ላይ። «ጋሼ! ጋሼ፣ ያያሉ?» እላለሁ። «ጋሼ በአላህ!» እሳቸው መነጽሩን አወለቁት። የተቦደሰውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት ወስደው የዐይናቸውን ቆብ ዳበሱ። ሁለት ሦስቴ ጨፈኑ፣ ገለጡ። ከዚያ አዩኝ። ከራስ ፀጉሬ እስከ አገጬ፣ ቀስ ብለው፣ ድንጋይ እንደሚመርጡ ሁሉ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ሻሽሽን ገልብጠሽ ነው ያሰርሽው።»

እጄን ብሰድ እውነት ነው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው! ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ሆኜ ስዞር አንድ ሰው አልነገረኝም። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ። ሜዳው አበደ፤ ወንዱ ሄልሜቱን በመዶሻ ይደልቃል፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ አንዷ ፊሽካዬን ቀምታ ስትነፋ ሰፈሩ ምን መጣ ብሎ ወጣ። ጋሼ ጉልበቴን መታ አድርገው «ተነሽ፣ ጫማሽ ይቆሽሻል» አሉኝ። የታረቅነው በዚሁ ነው።

በማግስቱ ከማኅበሩ ዕቃ ቤት አዲስ መነጽር አመጣሁላቸው። አልወለወሉትም፣ ወደ ብርሃንም አላነሱት። ላስቲኩን በጥርሳቸው ላጡና፣ ከእግራቸው ሥር ጠጠር አንስተው ጠርዙን በገዛ እጃቸው ቿ አድርገው ጫሩት። ከዚያ አጠለቁት። «በይ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። አሮጌውን የት እንዳደረሱት አልጠየቅሁም፤ የጣሉት መስሎኝ ነበር።

ለአረፋ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ጋሼ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ መሀል ላይ ተሰይመዋል፤ ያንኑ የተቦደሰ መነጽር አድርገው። የሚያዩበት መስታወት በስንጥቅ ተሸፍኗል። «ኢድ ሙባረክ ጋሼ» ስል ድምፄን ተከትለው ዞሩና፣ ለልጃቸው «ይቺ ናት» አሉት። ልጁም ብድግ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘና ብዙ ቆየ። ጨዋታ ለመቀየር «እስቲ ልየው» ብዬ እጄን ወደ መነጽሩ ሰደድኩ።

ጋሼ እጄን ቀብ አደረጉት።

«ቀስ!» አሉ፣ «እንዳትቧጭሪው።»